እሑድ እሑድ የሚበርደው መኪና

የሂልዲንግ ኖርሉንድ አሮጌ መኪና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጤነኛ ነበር። የሚያመው እሑድ ነው።

ይህን መጀመሪያ የተናገረው ጎረቤቱ ሲክስተን ነው። ሲክስተን ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንዳት ትቶ፣ እሑድ እሑድ ከሂልዲንግ ጎን ተቀምጦ ወደ ጸሎት ቤት የሚሄድ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት የቁራ አቀበት የሚሉትን ዳገት ሲያጋምሱ ጓንቱን አወለቀና መዳፉን ሞቃት አየር መውጣት ወዳለበት ቀዳዳ አስጠጋ።

«ይኸው ዛሬም ያው ነው!» አለ። «ትናንት እንጨት ልናመጣ ስንሄድ እንደ ዳቦ ምድጃ ሲለበልበን አልነበረም? ዛሬ መንገዱ ወደ እግዚአብሔር ቤት መሆኑን ሲያውቅ በረደ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ይሄ መኪና ሰይጣን ሰፍሮበታል።»

«ሰይጣን ምን ሥራ አጥቶ ነው በእኔ መኪና የሚንገላታው?»

«ሥራውማ ይኸው ነው፤ አንተን ከጸሎት ማስቀረት!»

ሂልዲንግ አልሳቀም። ዓይኑ ከመሪው ጀርባ ባለችው ትንሽ መርፌ ላይ ነበር። የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ከመካከል ተነሥታ ወደ ቀዩ መስመር እየተሳበች ነው። ግራ የሚያጋባው ነገር ይህ ነበር፤ ከኮፈኑ ሥር እሳት፣ ከኮፈኑ ወዲህ በረዶ። ሞተሩ በሙቀት ሊፈነዳ ደርሶ ሳለ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እስትንፋስ መስኮቱ ላይ ይረጋል።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሄድቪግ ናት፤ የሂልዲንግ ሚስት የነበረችው የሟቿ የዬርዳ ታላቅ እህት። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ስለሳበችው የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። እሱም መቅላቱን ጨርሶ ወደ ሰማያዊነት እየሄደ ነበር።

«እኔን ብላችሁ እንዳትቆሙ» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «እኔ ደህና ነኝ።»

«አንቺማ ደህና ነሽ» አለ ሲክስተን። «አብሮን መምጣት ያልፈለገው ጥርስሽ ነው።»

አቀበቱ ጫፍ ላይ መርፌዋ ቀዩን ነካች። ሂልዲንግ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩ ከታች ነጭ ሜዳ የሆነው ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ከሐይቁ ማዶ የጸሎት ቤቱ ጭስ፣ ነፋስ በሌለበት ብርድ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። የቀረው ቁልቁለት ብቻ ነበር። ግን በዚያ ቁልቁለት የወረደ መኪና ከሰዓት በኋላ ያንኑ ተመልሶ መውጣት አለበት። ሂልዲንግ ወደ ኋላ ዞሮ የሄድቪግን አፍንጫ አየ፤ ጭሱንም አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ መሪውን ጠምዝዞ ወደ መጡበት ተመለሰ።

ሄድቪግ የምትኖረው በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሲደርሱ ነርሷ ኡልሪካ የአሮጊቷን ጫማ አውልቃ እግሯን በሁለት መዳፏ ያዘችና ቀና ብላ ሂልዲንግን አየችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሂልዲንግ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይንኩት እስቲ፤ ይሄ እግር በረዶ ነው። ማሞቂያው በማይሠራ መኪና ከእንግዲህ ሄድቪግን አልሰጥዎትም።»

«ይሠራል እኮ» አለ ሂልዲንግ። «ትናንት ይሠራ ነበር።»

«ዛሬስ?»

የመለሰችው ሄድቪግ ናት።

«የሚመጣው እሑድ የሻማ ሰንበት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ስላነሰ እስከ ፋሲካ ጸሎት ቤቱን አያሞቁትም። እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ ልቆይ ብዬ ከእግዚአብሔር ጋር የተፈራረምኩት ውል የለኝም። በመስኮቱ በኩል ባለችው ወንበራችን ላይ እሑድ ካልተቀመጥኩ፣ ላልቀመጥባት ነው። ስለዚህ አንተ ሰውዬ፣ ሂድና መኪናህን ሥራ።»

«ወንበራችን» ያለችው የእሷንና የዬርዳን ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሻማ ሰንበት ሲመጣ እዚያች ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻማቸውን አብርተዋል።

*

ሂልዲንግ ዕድሜውን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጫካና መንገድ ያውቃል፤ ማውራት ብዙ አያውቅም። በቤቱ ውስጥ የማውራቱን ሥራ ዬርዳ ስለምትሠራው ጎዶሎው ታይቶት አያውቅም ነበር። መንደራቸው ግራንሴሌ ድሮ ትምህርት ቤት ነበረው። አሁን በበረዶው ወራት መብራት የሚታይባቸውን መስኮቶች ሰው ከደጁ ቆሞ በጣቱ ይቆጥራቸዋል።

ዬርዳ ከሞተች አንድ ዓመት አልፏል። የዚያ የበረዶ አገር ሰው ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማስጨነቅ አይወድም፤ የሟችን ስም ማንሣት ቁስል መነካካት ይመስለዋል። ስለዚህ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የዬርዳ ስም ከመንደሩ ጠፋ። ሱቅ ደጃፍ ሲያገኙት ስለ በረዶው ያወሩታል፤ ስለ አደኑም ያወሩታል፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ዛሬም ዘገየ ይሉታል። ስለ እሷ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ክፋት አይደለም፤ ርኅራኄያቸው ነው። ሂልዲንግ ራሱ ይህንኑ ርኅራኄ ለስንቱ ሲያደርግ ኖሯል። በእሱ ሲደርስ ግን ሚስቱን ሁለት ጊዜ የቀበሯት ያህል ተሰማው። የመጀመሪያውን ዓመት በረዶ ከቤቱ ሳይወጣ አሳለፈው። መኪናውም ጋራዥ ውስጥ ቆመ።

ስሟን የምትጠራ አንዲት ሰው ቀረች፤ ሄድቪግ። ባለፈው የቅጠል መርገፊያ ወራት ወደ አረጋውያኑ ቤት ስትገባ «እሑድ እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ማን ይወስደኛል?» አለች፤ ሂልዲንግ «እኔ» አለ። እንዲህ ተጀመረ። እሷ ከኋላ ሆና፣ «እዚህ ድልድይ ላይ ነው ዬርዳ በልጅነቷ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ…» ብላ ትቀጥላለች። «ዬርዳ ይህን ጫካ ስትፈራው!» ትላለች። ሂልዲንግ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ ይነዳል። በሳምንት ውስጥ የሚስቱ ስም ጮክ ተብሎ የሚጠራባት ጊዜ ያቺ ብቻ ነበረች።

ነርሷ የከለከለችው ይህን እንደሆነ ግን ለማንም ሊያስረዳ አይችልም ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ያለችውን የእንጨት ምድጃ አንድዶ ኮፈኑን ከፈተ። መጽሐፍ ቅዱሱን በጠዋት ካነበበ በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ እጄን ምራው» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

የቀለለውን ሁሉ ከገና በፊት ሞክሯል። ውሃው ሞተሩ ውስጥ እስኪሞቅ የሚያግደውን፣ ሲሞቅ የሚለቀውን ቴርሞስታት ቀይሮታል። አዲሱንም ከመግጠሙ በፊት በድስት የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን ሲከፍት በዓይኑ አይቷል። ራዲያተሩን አጥቧል። ውሃውን የሚገፋውን ፓምፕ ፈትቶ ክንፎቹን በጣቱ ዳስሷል፤ አልተበሉም፣ አልላሉም።

ዛሬ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ተሳፋሪው ሙቀት የሚወስዱትን ሁለት ቱቦዎች በእጁ ጨበጣቸው። የሚሄደው ትኩስ ነው። የሚመለሰው ደጅ እንዳደረ ብረት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ውሃው ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ራዲያተር ተደፍና ይሆናል ብሎ ሁለቱንም ቱቦዎች ነቀለና የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ሰካባት። ውሃው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ጠርቶ፣ በኃይል ወጥቶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። ተደፍና ቢሆን ደስ ባለው ነበር።

የቀረው የፈራው ነገር ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማተሚያ፣ ተቃጥሎ የሞተሩ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ሐኪም አይጠራም፤ ወደ ብረታ ብረት መጣያ ይጎተታል። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም። የውሃውን ዕቃ ከፍቶ አሸተተ፤ ጭስ የለውም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ከዚያ ቱቦው ውስጥ አየር ተይዞ ይሆናል ብሎ የመኪናውን አፍንጫ ሳንቃ ላይ አወጣና ከፍ አደረገው። ክዳኑን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ኩላንቱን፣ በብርድ የማይረጋውን የሞተር ውሃ፣ ቀስ እያለ ሞላ። ላም እንደሚያልብ ሰው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይጨምቃቸው ጀመር። የተያዘው አየር ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ወጣ። ቆይቶ ቡልቅታው ቆመ፤ የሚመለሰው ቱቦ በእጁ ውስጥ ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ፣ ከዚያ አቃጠለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ቀዳዳው ሰጠ። ሙቀት!

«ተመስገን» አለ።

ወዲያው ግን ባለፈው ሰኞም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመስገን ማለቱ ትዝ አለው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሱቅ ሄዶ መጣ፤ መኪናው ሞቃት ነው። ረቡዕም ሞቃት ነበር። ረቡዕ ሲክስተን በበትሩ መንገዱን እየነካካ መጣና የጋራዡን በር ከፍቶ ገባ። አይብ ይዞ ነበር፤ እዚያ አገር ትኩስ ቡና ውስጥ ቆራርጠው የሚከቱትን ዓይነት። ተሳፋሪው ወንበር ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ከቤቴ ይሞቃል። አከራየኝ።»

«እሑድ ና፤ ያኔ በነጻ ነው።»

«እንግዲያስ እንደ ፖሊስ እንመርምረው» አለ ሲክስተን አይቡን እያላመጠ። «እሑድ የምታደርገው፣ በሌላ ቀን የማታደርገው ምንድን ነው?»

«እላጫለሁ።»

«እሺ። ሌላ?»

«ክራባት አስራለሁ።»

«በቃ ተገኘ! ያን ክራባት አይቶ ያልደነገጠ ሞተር የለም። ሌላስ?»

«ሌላማ… ሄድቪግን እንጭናለን።»

«ሄድቪግን አትንካት። ከእሷ በፊት ነው። እኔን ከደጄ ስታነሣኝ እኮ ቀድሞ በርዷል። ጉልበቴ ምስክር ነው።»

ሂልዲንግ የያዘውን ካቻቢቴ አስቀመጠ። «ከአንተ በፊት?»

«ከእኔ በፊት። ከቤትህ እስከ ደጄ ደግሞ ምን መንገድ አለና ነው በመንገድ የሚታመመው? ታሞ ነው የሚያድረው! ንገረኝ እስቲ፣ ቅዳሜ ማታ ምን ታበላዋለህ?»

ሂልዲንግ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን የኤሌክትሪክ ገመድ አየ። ሲክስተን ዓይኑ ደካማ ስለሆነ የሂልዲንግን ፊት አላየም፤ ስለ አይቡ ማውራቱን ቀጠለ።

*

በዚያ አገር ብርዱ ሲጠነክር መኪና እንደ ከብት ታስሮ ያድራል። በየግቢው የመብራት ሶኬት ያለበት ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው ገመድ ወደ መኪናው ይዘረጋና ኮፈኑ ሥር ያለችውን ቡጢ የምታህል ማሞቂያ ያበራታል። እሷ ሌሊቱን በቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ስታሞቅ ታድራለች፤ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይተካል፣ እንዲህ እየዞረ ሞተሩን ለጠዋት ያዘጋጀዋል። ሂልዲንግ በሥራ ቀን የሚቸኩልበት ቦታ ስለሌለው ገመዱን አይሰካም። ብርዱ ሲላላ ከቀትር በኋላ ይወጣል፤ ባይወጣም የሚጠይቀው የለም። የሚሰካው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከራት በፊት መኪናውን ወደ ግቢ አወጣና ልክ እንደ ቅዳሜ አድርጎ ሰካው።

ሐሙስ ጠዋት ኮፈኑን ሲከፍት ሳይነካው ገባው። ኩላንቱ ከዕቃው ሞልቶ ፈስሶ፣ አረንጓዴ መስመር ሠርቶ ረግቷል። ጆሮውን ወደ ማሞቂያዋ አስጠጋ። ኩል ኩል ኩል። እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት ትፈላ ነበር። ሞተሩን አስነሣው፤ ከቀዳዳው የወጣው አየር የደጁን ያህል ቀዝቃዛ ነው። ሐሙስ እሑድ ሆነ።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነለት። ማሞቂያዋ መሆን ያለባት ታች፣ ከመከላከያው ብረት ጀርባ ነው፤ ውሃው ከእሷ ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲወጣ። እሷ ግን ያለችው ላይ፣ ከቱቦዎቹ ሁሉ ከፍ ብላ ነው። ከእሷ በላይ መሄጃ የሌለው ውሃ እዚያው ሲፈላ ያድራል፤ የፈላው እንፋሎት ይሆናል፤ ያ እንፋሎትና አየር ቱቦው ውስጥ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ነው፤ አየር ምኑን ይገፋዋል? የጎደለው ውሃ ደግሞ አቀበቱ ላይ መርፌዋን ወደ ቀዩ ይወስዳታል። ሰኞ ሰኞ እሱ ቱቦዎቹን ጨምቆ አየሩን ያወጣል፤ ቅዳሜ ማታ እሱው ራሱ ሰክቶ መልሶ ያስገባል።

ማሞቂያዋን እዚያ ከፍ አድርጎ የሰቀላትም እሱው ነው።

ኮፈኑን በቀስታ ዘጋውና መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ብርዱን ረሳው።

አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ መኪናውን የምትሰካው ዬርዳ ነበረች። ማንም አላዘዛትም። እሱ ከጫካ ደክሞ ሲመለስ፣ ካፖርቷን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣና ጎንበስ ብላ ትሰካለች። ገመዱ በጨለማ እንዲታያት ጫፉ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አስራበታለች። በመጨረሻው ዓመቷ በሽታው ወገቧን ያዘው። አንድ ቀን ለመስካት ወጥታ ጎንበስ ማለት አቅቷት፣ ገመዱን እንደያዘች መኪናውን ተደግፋ ስታለቅስ አገኛት። ሳህን ማጠብ ሲያቅታት አላለቀሰችም፤ አልጋ ማንጠፍ ሲያቅታትም አላለቀሰችም። በማግስቱ ሂልዲንግ ማሞቂያዋን ከታች ፈትቶ፣ መሰኪያው ኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ በእጇ ልክ እንዲመጣ አድርጎ ከላይ አሰራት። ዬርዳ ቀጥ ብላ ቆማ ስትሰካ የሳቀችውን ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ብርዱ ገና አልበረታም ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ ትሰካና ትነቅል ነበር። ውርጩ ሳይገባ ሞተች።

ለእሷ የሠራላት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው።

ያን ቀን ሙሉ ሌላ መላ ፈለገ። ሳይሰኩ ማደርስ? በራዲዮ ለእሑድ የተነገረው ብርድ ለአሮጌው ባትሪ የሚቻል አይደለም። አጭር ሰዓት መሰካትስ? ያው ይፈላል። ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ቢያደርግስ? ካርቶን ነፋስ ይከለክላል እንጂ የቆመ ውሃ አያስኬድም። መላ የሚፈልገው ስለጠፋው እንዳልሆነ ግን ልቡ ያውቃል። መፍቻው እጁ ላይ ነበረ፤ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው።

አርብ ጠዋት እንደ ልማዱ አነበበ፤ አነበበና ከጠረጴዛው ሳይነሣ ቆየ። ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። «ጌታ ሆይ» አለ በመጨረሻ፣ «እሷ አሁን ወገቧ ቀና ብሏል። ይህን አምናለሁ። እንግዲህ እኔ ላጎንብስ።»

ጋራዡ ገብቶ ምድጃውን አነደደ። ማሞቂያዋን ከላይ ፈታ፣ ቱቦውን አሳጠረ፣ ታች በጀርባው ተኝቶ በድሮው ቦታዋ አሰራት። ሁለት ጊዜ ካቻቢቴው አምልጦት ጣቱን ቀደደው። የመኪናውን አፍንጫ ሳንቃ ላይ አውጥቶ ኩላንት ሞላ፤ ቱቦዎቹን ጨመቀ፤ ቡልቅታው እስኪቆም ጠበቀ። ቀዩን ክር ከገመዱ ላይ አልፈታውም።

*

ቅዳሜ ከራት በፊት ሊሰካ ወጣ። መሰኪያው አሁን ከመከላከያው ብረት ሥር ነው፤ ጎንበስ ማለት ብቻ አይበቃውም። እሱም ሽማግሌ ነው። በረዶው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና በእጁ ዳብሶ አገኘው። እዚያው ጥቂት ቆየ። ከመንገዱ ማዶ የሲክስተን መስኮት ብቻ ይበራል።

እሑድ ጠዋት ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሲክስተን ገና በሩን ሳይዘጋ እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ።

«ገና ነው» አለ ሂልዲንግ።

«ምን አልኩ?»

«አንተ ባትልም እጅህ ብሏል።»

ከተማው ሲደርሱ ኡልሪካ ካፖርት ደርባ ከሄድቪግ ቀድማ ወጣች። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ተቀመጠች። ሂልዲንግ ፈተና እንደቀረበ ተማሪ መሪውን ጨብጦ ይጠብቃል። የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች።

«እውነት ለመናገር» አለች፣ «መውጣት አስጠላኝ።»

«በይ ውጪልኝ» አለች ሄድቪግ ከደጅ። «ቦታዬ ነው።»

የቁራ አቀበትን ሲጀምሩ ሲክስተን እንኳ ዝም አለ። መርፌዋ መካከል ላይ ናት። አጋመሱ፤ መካከል ላይ ናት። ሄድቪግ አንዱን ብርድ ልብስ ገፈፈች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በነጭ ፀጉሯ በመስኮት ጭሱን አየች። ሂልዲንግ አልቆመም። ቁልቁለቱን ያዘው።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ። ሄድቪግ በመስኮቱ በኩል ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻማ ሲታደል ሁለት ወሰደች፤ አንዱን አብርታ ያዘችው፣ ሁለተኛውን ለሂልዲንግ ሰጠችና በእጇ መታ መታ አድርጋ ጎኗን አሳየችው። በሴቶቹ በኩል ወንድ አይቀመጥም ነበር፤ ግን ያን ቀን ማንም ምንም አላለም። ሂልዲንግ እየፈራ ዬርዳ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ። የሚዘመረውን መዝሙር ቃሉን ያውቀዋል፤ ድምፁ ግን አልወጣለትም። ሄድቪግ ለሁለቱም ዘመረች።

ሲመለሱ ሲክስተን እንቅልፍ ወሰደው። ሄድቪግ ከኋላ ድንገት፣

«ታች መለስካት አይደል?» አለች።

«ምኗን?»

«ማሞቂያዋን ነዋ። አላወቅኩም መሰለህ? ዬርዳ ያኔ በስልክ ነግራኛለች። ‹ሄድቪግ፣ ላይ ሰቅሎልኝ እንደ ድስት ትንተከተካለች፤ ልክ አይመስለኝም› አለችኝ። ‹ታዲያ ንገሪዋ!› አልኳት። ‹አልነግረውም› አለች። ‹ሲሠራው ፊቱን አላየሽው› አለች።»

ሂልዲንግ መንገዱ ደበዘዘበትና በጓንቱ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ከሆዱ ሳቅ መጣበት፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሲክስተን ባነነ።

«ምንድን ነው? ደግሞ በረደ?»

«ተኛ አንተ» አለች ሄድቪግ።

ከአረጋውያኑ ቤት ደጅ ሂልዲንግ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ፋሲካ ሩቅ ነው፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ለመሆኑ ይሄ መኪና በሥራ ቀን መሄድ ይከለከላል?»

«ኧረ አይከለከልም። በሥራ ቀን ሞቃት ነው እንዲያውም።»

«እንግዲያው ረቡዕ ና። ድልድዩ ድረስ ወስደህ መልሰኝ። ስለ ጫማው ነገር ጨርሼ አልነገርኩህም።»

ሂልዲንግ ሲክስተንን ከደጁ አድርሶ ብቻውን ወደ ግቢው ገባ። ቤቱ ጨለማ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ተቀመጠ፤ ከቤቱ ይልቅ መኪናው ይሞቃል። ከፊቱ ማንም የማይጠይቀው ሰኞና ማክሰኞ አሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ግን ረቡዕ አለ።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ለነገ የሚነዳበት ቦታ ስለሌለው መሰካት አያስፈልገውም ነበር። ቢሆንም ገመዱን ከምሰሶው አወረደ፣ በረዶው ላይ ተንበረከከ፣ ቀዩን ክር በጣቱ ያዘና ቀስ ብሎ ሰካው። ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ አዳመጠ። ምንም አይፈላም። ውሃው ያለ ድምፅ መዞር ጀምሯል።